ያላበው መስታወት

ባለፈው ሐምሌ ከመሃል ከተማ ወደ ቤቴ ስመለስ ድንገት ዝናብ ወረደና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ የላስቲኩን መጋረጃ በግራና በቀኝ አውርዶ፣ የፊቱን መስታወት በመዳፉ እየጠረገ ሲነዳ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የደረቡት ጋቢ በዝናብ ርሶ ስለነበር ሽታው ከቤንዚኑ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ጠባቧን ቦታ ሞላት። እርጥብ ጋቢና ቤንዚን። ሁለቱን አንድ ላይ ካሸተትኩ ከአርባ ዓመት በላይ ሳይሆነኝ አይቀርም፤ ሆኖም እግሬን ወዲያው በረደኝ፣ ጣቶቼም ጫማዬ ውስጥ ተኮማተሩ። የአባዬ ቮልስ ጋቢና ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

አባዬ ያችን ቮልስ የገዛት አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከተመለሰ አንድ ፈረንጅ መምህር ነው። ያን ጊዜም አሮጌ ነበረች። እኔ ነፍስ ሳውቅ ቢጫ ቀለሟ ደብዝዞ፣ የቀኝ በሯ ከውጭ ካልሆነ በቀር አልከፈት ብሎ፣ የጋቢናዋን ወለል ዝገት በልቶት የጭብጥ ስፋት ያለው ቀዳዳ አውጥታ ነበር። አባዬ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ደፈነውና በላዩ ምንጣፍ አነጠፈበት፤ ብርዱ ግን በቆርቆሮው ዙሪያ መግቢያ አላጣም። የሰፈር ልጆች «ኤሊ» ይሏት ነበር።

ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ፊት የሚመጣው በመኪናዋ ሆድ ሥር በሚያልፉ ቱቦዎች ነበር። ቱቦዎቹንም ዝገት በልቷቸው ኖሮ፣ የሙቀቱን ማንሻ የከፈቱት እንደሆነ ከሙቀት ይልቅ የማርሚታ ጭስ ይገባ ነበር። አንድ መካኒክ አንድ ቀን ቤተሰብህን በጭስ ታፍናለህ ብሎ ስላስጠነቀቀው አባዬ ቱቦዎቹን በጨርቅ ወትፎ፣ ማንሻውን በሽቦ አስሮ ተወው። ለአዋሳ ምን ሙቀት ያስፈልጋታል ይል ነበር። ያን ጊዜ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። እውነቱንም ነበር፤ በበጋ ቮልሷ እንደ ምድጃ ትግል ስለነበር መቀመጫዋ ላይ ነጠላ ሳናነጥፍ መቀመጥ አንችልም ነበር። እሁድ እሁድ ወደ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ የምንገዛው በእግራችን ነበር። ቤንዚን በኩፖን ይታደል በነበረበት በዚያ ዘመን እሁድ የግል መኪና መንዳት ክልክል ነበርና፣ ቮልሷ እሁድን ግቢያችን ውስጥ ቆማ ዶሮዎች ከሥሯ ጥላ ሲፈልጉባት ትውል ነበር።

አባዬ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበር። መሃል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ በር ሱቅ ነበረችው። ተወልዶ ያደገው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ሙያውን አዲስ አበባ ተምሮ፣ ሥራ ፍለጋ አዋሳ መጥቶ፣ በዚያው እማዬን አግብቶ ቀረ። በደርግ ጊዜ የጽሕፈት መኪና የሌለው መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ቀበሌው፣ የገበሬ ማኅበሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉም ደብዳቤ ይመታል፣ ሁሉም መኪናውን ይሰብራል። አባዬ አንድን መኪና ከፍቶ የትኞቹ ቁልፎች እንዳለቁ በማየት መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚጽፍ ያውቅ ነበር። ከሁሉ ቀድመው የሚያልቁት «ጓድ» የሚለውን ቃል የሚመቱት ናቸው ብሎ ለእማዬ በሹክሹክታ ሲነግራት ሰምቻለሁ።

ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ደጋ ላይ፣ ሀገረ ሰላም ነበሩ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ወደዚያ ይወጣ ነበር። እማዬ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ስለነበረች ቅዳሜም ተራ ይደርሳታል፤ ትንሹን ወንድሜን ጎረቤት ትሰጠው ነበር፣ እኔ ግን ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የአባዬ ተሳፋሪ ሆንኩ።

ክረምት ሲገባ ጉዞው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። እማዬ ከመነሣታችን በፊት ሁለት ጠርሙስ ሙሉ ውሃ አፍልታ፣ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልላ፣ አንዱን ከእግሬ ሥር አንዱን ከጉያዬ ታስቀምጥልኝ፣ ጉልበቴን በጆንያ ትሸፍን፣ ከላይ ጋቢ ትደርብልኝ ነበር። እስከ አፖስቶ አስፋልት ስለሆነ ጋቢው ይሞቀኝና አውልቄው እሄድ ነበር። ከአፖስቶ ተገንጥለን አለታ ወንዶን እንዳለፍን ግን መንገዱ ዳገት ይዞ፣ ቡናው እየቀረ፣ እንሰቱ እየረዘመ፣ ቀጥሎ ቀርከሃው ይመጣና ከቀርከሃው ጋር ጉሙ ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ ጠርሙሶቹ ቀዝቅዘዋል። ከወለሉ ቀዳዳ የሚገባው ነፋስ ከቁርጭምጭሚቴ ይጀምርና እስከ ጉልበቴ ይወጣ ነበር። አባዬ ግን ከኮቱ ሌላ አንዳች አይደርብም። ብርድ ማለት ምን እንደሆነ የደብረ ብርሃንን ሰው ጠይቂ፣ ይሄ ብርድ ሳይሆን ጥላ ነው ይለኝ ነበር።

ከብርዱ የባሰው ግን መስታወቱ ነበር። ውጭው ቀዝቃዛ ሆኖ ውስጥ ሁለት ሰው ሲተነፍስ የፊቱ መስታወት ያልበዋል፤ ሙቅ አየር የሚነፋበት ነገር ስለሌለ ላቡ ካልተጠረገ አይለቅም። መጥረጉ የኔ ሥራ ነበር። እማዬ ድንች ለሁለት ከፍላ ትሰጠኝ ነበር፣ በድንች የታሸ መስታወት ቶሎ አያልበውም ይባል ስለነበር፤ ድንቹን አሽቼ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ እንደገና እነሣ ነበር። አባዬ ወደ መሪው ጎንበስ ብሎ፣ ጨርቄ በከፈተለት መስኮት እየተመለከተ ይነዳ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላኝ በነበረበት ክረምት አባዬ በመጥረጉ ላይ ሌላ ሥራ ጨመረልኝ። «መሲ፣ ምን ይታይሻል?» ይለኝ ጀመር። በቀኝ በኩል ሁለት በሬ፣ እላለሁ። በግራ እንጨት የተሸከመ ሰው። ፊት ለፊት ድልድይ። እሱም ጎበዝ፣ ቀጥዪ ይለኝ ነበር። ትምህርት መስሎኝ ነበር፤ ሰው አስተውሎ ማየት ካልተማረ ፊደል ቢቆጥር ዋጋ የለውም ሲል ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት እያስጠናኝ ነው ብዬ አመንኩ። ሰፈር ውስጥም ለጓደኞቼ እኔና አባዬ ሆነን ነው መኪና የምንነዳው እያልኩ እኮራ ነበር።

የማየት ችሎታውን የሚጠረጥር ሰው ሊኖር አይችልም ነበር። ሀገረ ሰላም ደርሰን አባዬ ሥራውን ሲጀምር እኔ ከጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ማንደጃ አጠገብ ተቀምጬ እግሬን አሞቅ ነበር፤ ዘበኛው ሙቅ ወተት ይሰጠኝ ነበር። አንድ ቀን የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቡሎን ከአባዬ እጅ አምልጣ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሦስት ጸሐፊዎች ተንበርክከው ፈልገው አጡ። አባዬ ካቻቢቴውን አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ጊዜ ተመለከተና ከጠረጴዛው እግር ሥር አነሣት። ጸሐፊዎቹ ዓይኑን የጭልፊት ዓይን አሉት። እኔም ለእማዬ ማታ ያንኑ ደግሜ ነገርኳት።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ከሀገረ ሰላም ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት የዘነበው አባርቶ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቶ ነበር። ጨርቄ በጣም ርሶ ስለነበር መቀየሪያውን ከመቀመጫዬ ሥር ለመፈለግ ጎነበስኩ። ቀና ስል በኔ በኩል፣ ከመንገዱ ዳር፣ የእንሰት ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ አሮጊት ወደ መንገዱ ሲገቡ አየሁ። «አባዬ፣ ሰው» አልኩ። ፍሬን ያዘ፤ ቮልሷ ጭቃው ላይ ተንሸራታ፣ ዞራ፣ የኋላ ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመች። አሮጊቷ ከነሸክማቸው በቂጣቸው ተቀምጠዋል። መኪናዋ አልነካቻቸውም፤ በመካከላችን የቀረው ግን አንድ እርምጃ አይሞላም ነበር።

አባዬ ወርዶ፣ እኔም በሱ በር ወርጄ ሄድን። ሴትዮዋን ደግፎ አስነሣቸው፣ ቅጠሉን ሰብስቦ አሰረላቸው፣ እየደጋገመ ይቅርታ ጠየቃቸው። አሮጊቷ አማርኛ አይችሉም ነበር። አልተቆጡም፤ ፊቱን ትኩር ብለው ተመለከቱት። ከዚያም ከጎኑ ቆመው፣ እጃቸውን በጆሮው አጠገብ ወደ ዓይኑ ቀስ እያደረጉ አመጡት። አባዬ ቅጠሉን ያሰረበትን ልጥ እያጠበቀ ነበር። ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም። እጃቸው አፍንጫው ዘንድ ሊደርስ ሲል ነው ደንግጦ ዞር ያለው።

አሮጊቷ ወደኔ ዞረው በሲዳምኛ ተናገሩ። እማዬ ተወልዳ ያደገችው ይርጋዓለም ስለሆነ በልጅነቴ ከሷ ቋንቋውን ተምሬያለሁ። አባትሽ በጎን በኩል አያይም፣ ለቤተሰቡ ንገሪ ነበር ያሉት።

«ምን አሉ?» አለኝ አባዬ።

«ቀስ ብላችሁ ሂዱ ነው የሚሉት» አልኩት።

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ እንደዚያ ፈጥኜ የዋሸሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። አሮጊቷ ቃሌን ባይረዱትም ከፊቴ ያነበቡት ነገር ነበር መሰለኝ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ሸክማቸውን አንሥተው ሄዱ። ከመንገድ የተሰበሰቡ ሰዎች ቮልሷን ከቦዩ ገፍተው አወጡልን። አባዬ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ መስታወቱ ነው፣ ለእናትሽ መንገር አያስፈልግም፣ በከንቱ ትደነግጣለች አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። እስከ አዋሳ ድረስ ጨርቁን ከእጄ አላወረድኩም።

ያን ክረምት ጥፋቱን ሁሉ በመስታወቱ ላይ ጫንኩ። አባዬ ያለው ያንን ነው፣ እኔም እንዲሆን የምፈልገው ያንን ነበር። አሮጊቷ ምን ያውቃሉ፣ መኪና ነድተው ያውቃሉ ወይ እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር። ዛሬ ሳስበው ያች መኪና ሙቀት ቢኖራት፣ መስታወቷም ደረቅ ቢሆን ኖሮ፣ አባዬም እኔም የምንደበቅበት ነገር አናገኝም ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ተከፈተ፣ ጥቅምትም ደረሰ። የጥቅምት ሰማይ በአዋሳ እንደ ታጠበ ሳህን ነው፤ ሐይቁ ማዶ ያለው ተራራ ዛፍ ዛፉ ይቆጠራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባዬ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጣ። መስኮቶቹ ክፍት ነበሩ፤ መስታወቱ ላይ አንዲት የትንፋሽ ጠብታ አልነበረም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስንደርስ በቀኝ በኩል አንድ ጋሪ በሶምሶማ እየመጣ ነበር። ፈረሱ ነጭ ነው፣ ጋሪውም ጡብ የጫነ፣ የማይታይ ነገር አልነበረም። አባዬ ሊያሳልፈው ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቀጥ ብሎ ገባ። የፈረሱ አንገት በመስኮቴ ገብቶ ትንፋሹ ፊቴን ሲመታኝና ስጮኽ ነው ያቆመው።

ባለጋሪው ወርዶ አፉ እንዳመጣለት ሰደበው። ጋሪው ካለፈ በኋላ አባዬ ቮልሷን በቀስታ ወደ ሐይቁ መንገድ ወስዶ ዋርካ ሥር አቆማት። ሞተሩን አጠፋ። ያን ጊዜ ነው የአሮጊቷን ቃል የነገርኩት፣ በትክክል፣ ያሉትን ብቻ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከካቻምና ጀምሮ አውቃለሁ።»

ፊት ለፊቱን እንደማንም ሰው እንደሚያይ፣ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ እንደማያመልጠው፣ ጎንና ጎኑ ግን በር ገርበብ እንደሚደረግ እየጠበበበት እንደመጣ ነገረኝ። በጉም ቀን ደግሞ ይብሳል። ሐኪም ዘንድ ለምን አልሄድክም ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ልጅ ነበርኩ፣ መጠየቅም አላሰብኩም። እሱ ራሱ ግን መኪና መንዳት ካቆምኩ ደጋውን አጣለሁ፣ ደጋውን ካጣሁ ሱቁ አይቆምም አለ። ቅዳሜ ሁለት የጽሕፈት መኪና ለማድረስ ቃል ገብቷል። ይህችን ቅዳሜ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ ለእናትሽ እነግራታለሁ አለኝ። እንደ ትልቅ ሰው ስለለመነኝ እሺ አልኩት።

ሁለት ቀን ቻልኩ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ወደ ቤት በመሄድ ፈንታ ወደ ስልክ ቤት ወሰደኝ። ዘበኛው ያውቀኝ ስለነበር አስገባኝ። እማዬ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ገመዶቹን ከአንዱ ቀዳዳ እየነቀለች ሌላው ላይ እየሰካች፣ ይርጋዓለም፣ ዲላ፣ ሻሸመኔ እያለች ታገናኝ ነበር። ከወንበሯ ጀርባ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ አሮጊቷን፣ ቦዩን፣ ፈረሱን። ሥራዋን አላቋረጠችም፣ ወደኔም አልዞረችም። ቆይቶ ግን ዲላ የጠየቀ ሰው ሻሸመኔ ገብቶበት ኖሮ ሲጮኽ በማዳመጫው ውስጥ ለኔም ተሰማኝ። ይቅርታ ጠይቃ ገመዱን አስተካከለች። «ቤት ሂጂና ወንድምሽን ከጎረቤት ውሰጂ» አለችኝ።

ያን ዕለትም በማግሥቱም ቤታችን ውስጥ የተለየ ነገር አልተነገረም። እማዬ እራት አቀረበች፣ አባዬ ራዲዮኑን ከፈተ። እኔ ግን የአባዬን ፊት ማየት አቃተኝ። ቅዳሜ ጠዋት አባዬ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ከቤት ሲወጣ ተከትዬው ወጣሁ። እማዬ ከተራዋ ፈቃድ ጠይቃ ቀርታ ኖሮ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቁልፉን በእጇ ይዛ የቮልሷ መሪ ላይ ተቀምጣለች። መኪና ነድታ አታውቅም። አባዬ በሩን ከፈተው።

«አስካለ፣ ውረጂ እንጂ፤ ይረፍድብኛል።»

«እኔ መንዳት አልችልም» አለችው። «አንተም አትችልም። ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ግቢ የሚወጣ መኪና የለም።»

አባዬ ሣጥኑን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ዞር ብሎ ተመለከተኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ፊቱ ላይ የነበረው የደከመው ሰው መልክ ነበር። ሣጥኑን የቮልሷ ኮፈን ላይ አስቀምጦ ወደ ቤት ገባ። እማዬ እስከ ረፋዱ ድረስ ከመኪናዋ አልወረደችም።

ከዚያ በኋላ አባዬ ለአንድ ወር ያህል ከሚያስፈልገው በቀር አላናገረኝም። ውሃ አምጪ፣ በሩን ዝጊ፣ ከዚህ የሚያልፍ ነገር አይለኝም ነበር። እንደ ከዳሁት ቆጠርኩ፤ ሌሎች ልጆች ሲጣሉ «አሳባቂ» እየተባባሉ ሲሰዳደቡ ስሙን ለኔ ያወጡት ይመስለኝ ነበር። ኅዳር ውስጥ እሱና እማዬ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄደው የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። የዓይኑ ግፊት ጨምሮ ነርቩን እንደ ጎዳው፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት እንደሚቻል ተነግሯቸው ተመለሱ። ሐኪሙ «ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ» ያለውን ለኛ የነገረችን እማዬ ናት፤ አባዬ ያንን ቃል አልደገመውም። ጠብታውን እማዬ እንዳይሞቅ ከውሃው ጋን ሥር፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ታስቀምጠው ነበር። ጠዋትና ማታ የምታደርግለትም እሷው ነበረች።

በዚያ በጋ እማዬ መኪና መንዳት ተማረች። ያስተማራት አባዬ ነው። ከሥራ ስትወጣ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ እንሄድ ነበር፤ እስከ ሜዳው ድረስ የሚነዳልን አንድ ጎረቤት ነበር። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ከልጆችና ከጥቂት ከብት በቀር የሚገጭ ነገር የለበትም። እማዬ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ትለቀውና ቮልሷ ዘላ ትጠፋባት ነበር፤ ልጆቹ ከኋላ እየሮጡ ያጨበጭቡላታል። ሴት መኪና ስትነዳ ለማየት ብለው ሥራ ፈትተው የሚቆሙ ትልልቅ ሰዎችም ነበሩ። እማዬ ወደ እነሱ አትመለከትም።

አባዬ ከጎኗ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። ከሞተሩ ድምፅ ማርሹን ያውቀዋል። አሁን ቀይሪ፣ አሁን ቆዪ፣ አሁን እየከበዳት ነው፣ መልሻት ይላታል። እማዬም ቀኑን ሙሉ በጆሮዋ የምትሠራ ሰው ስለነበረች ከዓይኗ ይልቅ በጆሮዋ ቶሎ ገባት። በሁለተኛው ወር ሞተሩን ሳታጠፋ ሜዳውን ዞራ፣ በአራተኛው ወር ከተማ ውስጥ ነድታ፣ የበልግ ዝናብ ሳያልቅ የመንጃ ፈቃድ ፈተናዋን አለፈች።

ከእነዚያ የጉዱማሌ ቀናት አንዱን አልረሳውም። እማዬ አንዲት ጥጃ ከፊቷ ለማስወገድ ወርዳ ነበር፤ እኔና አባዬ መኪናዋ ውስጥ ቀረን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ። ሳይዞር ተናገረኝ።

«የዚያችን ሴትዮ ቃል ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትፈራ ብዬ ነው» አልኩት።

«እኔም ለናንተ ያልነገርኩት ለዚያው ነው» አለ። ቀጥሎ እጁን በመቀመጫዎቹ መካከል ወደ ኋላ ሰደደልኝ፣ ያዝኩት። «አንቺ ግን በሁለት ወር ውስጥ ብትዋሺም ተናግረሻል። እኔ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።» እማዬ ጥጃዋን አባርራ ስትመለስ እጁን ሰብስቦ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ እንድትለቅ ነገራት።

በሚቀጥለው ክረምት ደጋውን እማዬ ነዳችው። ከተራዋ ቅዳሜን በሌላ ቀን ለውጣ፣ ጠርሙሶቹን አፍልታ፣ ጆንያውን አንጥፋ፣ ሁላችንን ጭና ትነሣ ነበር። ያላት ዘዴ ግን ከአባዬ የተለየ ነበር። አለታ ወንዶን አልፈን መስታወቱ ማላብ ሲጀምር ድንችም ጨርቅም አልጠየቀችም፤ የሁለቱን በሮች መስኮት እስከ ታች አወረደችው። ጉሙና ካፊያው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር፤ መስታወቱ ግን ደረቀ። ወንድሜ አለቀሰ። እኔ ከኋላ ሆኜ አንገቴን ጋቢ ውስጥ ቀበርኩ። እማዬ ከብርድ የሞተ ሰው እስካሁን አላየሁም፣ ያላየ ሾፌር የገደለው ግን አለ ብላ ነዳች። ቀርከሃው ዘንድ ስንደርስ አባዬ ጋቢውን ከኔ ወስዶ እስከ አፍንጫው ተጠቀለለበት።

«በርዶኛል» አለ። የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እማዬ እስክታነባ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ፣ መስኮቱ ግን አልተዘጋም።

አሮጊቷን ዳግመኛ አላገኘናቸውም። እማዬ በዚያ ኩርባ ባለፍን ቁጥር ፍጥነቷን ቀንሳ በሲዳምኛ መንገደኞችን ትጠይቅ ነበር። ስማቸውን ስለማናውቅ፣ እንሰት ቅጠል የሚሸከም አሮጊትም በዚያ አገር ብዙ ስለሆነ፣ ፍለጋው ከሰላምታ አላለፈም።

አባዬ የጽሕፈት መኪና መጠገኑን ቀጠለ። ከማየት የቀረለት ጠባቡ ፊት ለፊት ነበር፣ ለዚያ ሥራ ደግሞ የሚያስፈልገው እሱው ነበር። ቮልሷ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወለሏን ዝገት ጨርሶ ስለበላው ለመለዋወጫ ተሸጠች። አባዬ እስኪሞት ድረስ ጋዜጣ በራሱ ዓይን ያነብ ነበር፤ መንገድ ሲሻገር ግን የእማዬን ክንድ ይይዝ ነበር።

አሁን ወደ ሀገረ ሰላም የሚወስደው መንገድ አስፋልት ነው። የልጄ መኪና አንድ ቁልፍ ሲጫኑት መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ያደርቀዋል፣ እግርንም ያሞቃል፤ የልጅ ልጄ ከኋላ ካልሲውን አውልቆ ይተኛል። አምና እኔ ራሴ የዓይን ምርመራ ላይ ግፊት ተገኘብኝ። በቤተሰብ ይሄዳል፣ ከቤተሰብዎ ይህ የነበረው አለ ወይ ብሎ ሐኪሙ ጠየቀኝ፣ አዎ፣ አባቴ ነበረው አልኩት። ገና መጀመሪያው ነው። ያን ቀን ቤት እንደገባሁ፣ ልጆቼ ምሳ ላይ ሳሉ፣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ነገርኳቸው። አባዬ ሁለት ዓመት የተሸከመውን እኔ ከሐኪሙ ደጅ እስከ ቤቴ ብቻ ተሸከምኩት። ልጄ ደነገጠች፣ ወንድሟ ስልኩን አውጥቶ ስለ ጠብታው ማንበብ ጀመረ፣ ከዚያም ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ያዙ፣ ወጡም ቀዘቀዘ። ረጅም መንገድ ከእንግዲህ እሷ እንድትነዳ ተስማማን። ዓይኔ የአባዬ ነው፤ አፌን ግን ከእማዬ ሳልወርስ አልቀረሁም።